«ልዩ ልዩ አሮጌ ዕቃ፣ ብዛት 1 ማዳበሪያ»

ለተከበሩ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከቀበሌያችን ያስረከብናቸው ነጠላ ቅርሶች አያያዝን ይመለከታል

በቅድሚያ ከሐይቅ በላይ ካለው ደጋ የአክብሮት ሰላምታችንን እናቀርባለን። የጽሕፈት ቤቱንም የቀበሌያችንንም ስም እዚህ ላይ አልጻፍንም። የጽሕፈት ቤቱን የተውነው ሰው ማሳጣት ስላልፈለግን ነው። የቀበሌያችንን የተውነው ግን አንቲካ ፈላጊ ከባለሙያ ቀድሞ ማሳችን ላይ እንዳይገኝ ሰግተን ነው። ደብዳቤው ለእርስዎ መሆኑን እርስዎ ያውቁታል፤ ይህንኑ አቤቱታ ከአራት ወር በፊት በእጅ አስገብተን መዝገብ ቤት ቁጥር ሰጥቶታል። መልስ ስላጣን በአደባባይ ደገምነው።

ነገሩ የተነሣው ከአንዲት የመዝገብ መስመር ነው። ባለፈው ጥቅምት ሁለት የቅርስ ጥበቃ ክበባችን አባላት ያስረከብነው ዕቃ ምን እንደደረሰ ሊጠይቁ መጥተው ነበር። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ፣ እግዜር ይስጠው፣ አላጉላላቸውም፤ የሞዴል 19፣ ማለትም የዕቃ ገቢ ደረሰኙን፣ ጥራዝ ገልጦ አሳያቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ በአንድ በጨርቅ እየጠቀለልን ያመጣናቸው 14 ዕቃዎች «ልዩ ልዩ አሮጌ ዕቃ፣ መለኪያ ማዳበሪያ፣ ብዛት 1» ተብለው ገብተዋል። ማዳበሪያውም አፉ በሲባጎ ታስሮ በር ሥር ተቀምጦ ነበር። ውስጡ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ከሌሎች ሁለት ቀበሌዎች የመጣም ተጨምሮበታል። የትኛው የማን እንደሆነ ሲጠየቅ ሠራተኛው፣ «ነጠላ ነጠላውን ለየብቻ እንዳንይዝ ተወስኗል። ቅርስ የሚባለው ከአንድ ቦታ ብዙ ሆኖ ሲገኝ ነው» አለ። ውሳኔው በጽሑፍ ይኖር እንደሆነ ጠየቅን። በስብሰባ የተነገረ ነው ተባልን።

የምንሟገተው ከዚህ ውሳኔ ጋር ነው።

ክበባችን በጉዳዩ ላይ ሲወያይ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ «ድንቅነሽስ መጀመሪያ ስትታይ ስንት ነበረች?» ብላ ጠየቀች። እኔ የታሪክ መምህሩ ከዚያ የተሻለ መከራከሪያ አላገኘሁም። ኅዳር 1967 ዓ.ም፣ ያኔ በወሎ አስተዳደር ሥር በነበረው ሐዳር፣ ዶናልድ ጆሃንሰን መጀመሪያ ዐይኑ ያረፈባት ነገር አንዲት የክርን አጥንት ስባሪ ናት። ቆም ብሎ ዙሪያውን ስለቃኘ ሌላው ተከተለ፤ ሲሰበሰብ የአንድ ግለሰብ አጽም 40 በመቶ ያህል ሆነ፤ ዕድሜውም 3.2 ሚሊዮን ዓመት። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ እዚያው ሐዳር የተገኘው ደግሞ የጉልበት መገጣጠሚያ ብቻ ነበር፤ እሱም ብቻውን፣ ባለቤቱ በሁለት እግሩ ቆሞ ይሄድ እንደነበር ለማሳየት በቅቷል። ያ ሰው ክርኗን አይቶ «ብዙ ሲሆን እመለሳለሁ» ብሎ ቢያልፍ ኖሮ ቀሪውን የሚቀጥለው ጎርፍ ይወስደው ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ድንቅነሽ በሳይንሱ መዝገብ የምትታወቀው ኤ.ኤል. 288-1 ተብላ ነው። ፊደሎቹ የአፋር ስፍራ ማለት ናቸው፤ 288 የቦታው ቁጥር ነው። ድንቅነሽ የሚለው ስም በኋላ የመጣ የፍቅር ስም ነው፤ የመዝገብ ስሟ የተገኘችበት ቦታ ነው። የእኛ 14 ዕቃዎች ግን ቦታቸውን ያጡት ከማሳችን ሲወጡ አልነበረም፤ እርስዎ መጋዘን ደርሰው ነው።

ወደ ዝርዝሩ እንግባ።

አንደኛው የሳንቲሟ ጉዳይ ነው። አንድ የቀበሌያችን ገበሬ ለገብስ ሲያርስ ማረሻው በገለበጠው ጓል ላይ አረንጓዴ ነገር አየ። የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል የመዳብ ሳንቲም ነበረች፤ በአንድ ፊቷ የሰው ራስ የሚመስል ቅርጽ አለባት። በዚህኛው የእኛም ጥፋት አለበት፣ አንደብቅም። ገበሬው ወደ እኔ ከማምጣቱ በፊት ልጆቹ በሎሚና በአመድ ፈትገዋታል። ክበቡ ሲሰበሰብ መሪጌታው ጠርዟ ላይ ግእዝ አነበቡ፤ ሼሁ ደግሞ ዐረብኛ ሳይሆን አይቀርም አሉ። አጉሊ መነጽር ስናመጣ ግእዝም ዐረብኛም አልነበረም፤ የአመዱ ጭረት ነበር። ሁለቱም እየሳቁ ቡናቸውን ጠጡ። ከዚያ ቀን ወዲህ በቀበሌያችን የተገኘ ነገር አይታጠብም።

ገበሬው ግን የልጆቹን ጥፋት የሚክስ ሥራ ሠርቷል። በሬዎቹን ፈትቶ ቦታው ላይ ድንጋይ ከመረ። ጥልቀቱን በክንድ ለካን፤ ከግራሩ ወደ ምሥራቅ 23 እርምጃ መሆኑን ጻፍን፤ በአጠገቡ ከሰልና የተሰባበረ ሸክላ መኖሩን፣ አፈሩ ከላይ ጥቁር ሆኖ ከሥር ወደ ቀይ መለወጡን ጻፍን። ወረቀቱን ከሳንቲሟ ጋር ጠቅልለን አስረከብን። አሁን ሳንቲሟ ማዳበሪያው ውስጥ አለች፤ ወረቀቱ የለም። ሠራተኛው «ቆሻሻ መስሎን ነው» ብሏል።

አንድ ሳንቲም ምን ይሠራል ለሚለው፣ አክሱምን ይጠይቁ። ከአክሱም ነገሥታት መካከል ስማቸው በድንጋይ ላይ ያልተገኘ፣ መንገሣቸውን ያወቅነው ከሳንቲማቸው ብቻ የሆነ አሉ። ሳንቲሙ ባይኖር ንጉሡም አይኖርም ነበር። የዒዛናን ክርስትና ከምናይባቸው ማስረጃዎች አንዱም ሳንቲሙ ነው፤ መጀመሪያ ባሳተመው ላይ ጨረቃና ክብ፣ በኋላ ባሳተመው ላይ መስቀል ተቀርጿል። ይህን የሚያህል የእምነት ለውጥ የሰፈረው መዳፍ ውስጥ በምትጠፋ ብረት ላይ ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ከውሳኔው አውጪዎች ጋር እንስማማለን፣ ሐቁ ይነገር። ነጠላ ዕቃ ብቻውን ቢጠየቅ ይዋሻል። ደብረ ዳሞ ላይ በ1940 እ.ኤ.አ. ከ100 የሚበልጡ የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ሳንቲሞች መገኘታቸው ተመዝግቧል፤ የኩሻን ነገሥታት ግዛታቸው ወደ ሰሜን ሕንድ ነበር እንጂ ትግራይን ገዝተው አያውቁም። ሳንቲም ይጓዛል። የእኛዋም የአክሱም ብትሆን እንኳ አክሱም ደጋችንን ገዝቷል አታሰኝም፤ አንድ ነጋዴ ከስልቻው ጥሏት ሊሆን ይችላል። ከዚህ የቀረበ ምሳሌ ደግሞ በየቤታችን አለ። እናቶቻችን ባንገታቸው የሚያስሩት፣ ባቲ ገበያ ላይ አንጥረኛው የሚያቀልጠው ማርትሬዛ ሁሉም 1780 ይላል። መልኳ ያለበት የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በዚያ ዓመት ነው፤ ብሩ ግን ከሞቷ በኋላ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በዚያው ቀን እየታተመ ኖረ። ነገ ከአንድ ፍርስራሽ ግድግዳ ሥር ማርትሬዛ ቢገኝ፣ ብሩን ብቻ ያነበበ ሰው ግድግዳውን 1780 ላይ ይተክለዋል። ከአፈሩ ጋር ያነበበው፣ አብሮ የወጣውን ሸክላና ከሰል ያየው፣ እውነቱን ያገኛል። ስለዚህ መፍትሔው ነጠላውን መጣል አይደለም። ለብቻው እንዳይቀር ማድረግ ነው፤ የምታደርገውም ያቺ ቆሻሻ የመሰለች ወረቀት ናት።

ሁለተኛው የማሰሮዋ ጉዳይ ሲሆን ከሁሉም የሚቆጨን እሱ ነው።

አንዲት ሸክላ ሠሪ እናታችን ከልጇ ጋር አፈር ስትቆፍር ከጠፍጣፋ ድንጋይ ሥር አንዲት ማሰሮ እንደቆመች አገኘች። ከሥሯ አመድና ከሰል ነበር፤ ውስጧ አፈር ሞልቶ ግድግዳዋ ላይ ጥቁር ቅርፊት ይታያል። ከሳንቲሟ ስለተማርን ማንም አልነካት። ጽሕፈት ቤቱ ተደወለለት፤ በሁለተኛው ቀን መኪና መጣ፤ ለዚህ ፍጥነት ምስጋና ይገባል። ከመኪናው የወረዱት ባልደረባ ግን ማሰሮዋን ነቅለው፣ ውስጧን ገልብጠው ምንጩ ዳር በአሸዋ አሹዋት። ፎቶ ላይ እንድታምር ነው አሉ። በእርግጥ አምራለች፤ ፎቶዋ ኮሪደራችሁ ላይ ተለጥፏል።

ምንጩ የወሰደውን ልንገርዎ። ከሰሉ ቢጠበቅ ኖሮ በካርቦን 14 ምርመራ እንጨቱ መቼ እንደተቆረጠ መገመት ይቻል ነበር፤ ለዚህ ትንሽ ቁራጭ ይበቃል። ያልተለበጠ ሸክላ የተቀቀለበትን ስብ ወደ ውስጡ ይመጥጣል፤ ቤተ ሙከራ ከቅርፊቱና ከሸክላው ሥጋ ይሁን ወተት ይሁን ዕፀዋት መለየት ይችላል። አንዲት ማሰሮ የአንድ ቤት እራት ይዛልን ቆይታ ነበር። ሴትዮዋ ባልደረባውን ያሉትን ቃል በቃል እንጽፈው፦ «እኔ ሸክላ ሠሪ ነኝ። ማሰሮ ማጠብ ጠፍቶኝ ነው ሁለት ቀን እሾህ አጥሬ የጠበቅኋት?»

እኒሁ እናት ሌላም ብለዋል፤ የጻፈላቸው ግን የለም። ማሰሮዋን ከመታጠቧ በፊት አይተው፣ «ይህ አፈር የኛ አይደለም፤ የኛ አፈር እንዲህ የሚያብረቀርቅ አሸዋ የለበትም። የቆላ ነው» ብለዋል። አፏ የተጠቀለለው እሳቸውም እናታቸውም በማያውቁት አኳኋን መሆኑን በጣታቸው አሳይተዋል። ከየት አፈር እንደተሠራች ማወቅ ማለት ማን ከማን ጋር ይገበያይ እንደነበር መጠየቅ ማለት ነው። 40 ዓመት ሸክላ የዳሰሰ እጅ ይህን ሲናገር ከጎኑ የቆመው ባልደረባ ስልክ ያነሣ ነበር።

ሦስተኛ፣ የተጠረበው ድንጋይ። ወደ ቀበሌያችን የሚገባው መንገድ ሲቆረጥ አንድ ፊቱ ሐረግ የተቀረጸበት ድንጋይ ወጣ። በዚያው ሳምንት በጽሑፍ አሳወቅን። «አንድ ድንጋይ ብቻ ከሆነ ሥራው አይቆምም» የሚል ቃል በስልክ ደረሰን፤ ድንጋዩም ቅርጹ ወደ ውስጥ ተደርጎ የውኃ ማፋሰሻው ግንብ ውስጥ ተገነባ። ተማሪዎች በስልካቸው ያነሡት ፎቶ አለ። በአገራችን የተጠረበ ድንጋይ ዝም ብሎ አይገኝም። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ አይቷት የጻፈላት፣ አፄ ናዖድ ጀምረዋት አፄ ልብነ ድንግል የፈጸሟት መካነ ሥላሴ በዚሁ በጥንቱ ቤተ አምሐራ ነበረች፤ በ1531 እ.ኤ.አ. በኢማም አሕመድ ጦር ጊዜ ተቃጠለች። የእኛ ድንጋይ ከእንዲያ ያለ ሕንፃ ነው አንልም። ከአገር ቤት መቃብር፣ ከመስጊድ፣ ከባላባት ደጃፍ ሊሆን ይችላል፤ ሳይታይ አይታወቅም። የግብፅን የጥንት ጽሕፈት ለማንበብ ቁልፍ የሆነው የሮዜታ ድንጋይም በ1799 እ.ኤ.አ. ራሺድ ላይ የተገኘው እንደ ተራ ድንጋይ ከተገነባበት ምሽግ ነው። እሱም አንድ ድንጋይ ብቻ ነበር።

ስለሌሎቹ አናስረዝምም፤ የባልጩት ስለት፣ ሁለት ዶቃ፣ የመጅ ስባሪ፣ እጀታ የሌለው ቢላዋ የመሳሰሉት ናቸው። በእኛ በኩል ሁሉም ቦታቸው የተጻፈ ነበር።

አራተኛ፣ ሕጉ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በድንገት ያገኘ ሰው ወዲያውኑ እንዲያሳውቅና እስኪረከቡት ድረስ እንዳለ እንዲጠብቅ ያዛል፤ ተቀባዩም መርምሮ እንዲረከብና እንዲመዘግብ፣ ላስረከበውም ሰው ተገቢ ሽልማት እንዲሰጥ ይላል። የዕቃ ቁጥር ግን አይጠይቅም፤ ከብዙ ጀምሮ የሚል ቃል የለበትም። ገበሬው ሁለት ገበያ ቀን ሠርዞ፣ የመኪና ከፍሎ ነው የመጣው። ሽልማት አልጠየቀም። የጠየቀው የሞዴል 19 አንድ ቅጠል ነው፤ ልጆቹ ነገ «አባታችን አገኘው» እንዲሉበት። እሱንም «ለነጠላ አይቆረጥም» ተብሎ ተከለከለ።

በ1989 ዓ.ም ከላሊበላ ቤተ መድኃኔ ዓለም አፍሮ አይገባ መስቀል ሲሰረቅ ባሕር ማዶ ከሰብሳቢ እጅ ላይ ተለይቶ ሊመለስ የቻለው መልኩ የታወቀ ስለነበር ነው። በ2014ቱ ጦርነት የደሴ ሙዚየም ሲዘረፍ ደግሞ ዕቃ ያለ መዝገብና ያለ ፎቶ ከሄደ ተመልሶ መጠየቂያ እንደሌለው ወሎ በራሱ ላይ አይቷል። ከመቅደላስ? ሚያዝያ 1860 ዓ.ም እንግሊዞች 15 ዝሆንና 200 ገደማ በቅሎ ጭነው ደላንታ ሜዳ ላይ ሐራጅ ካሉት መካከል 350 ያህል መጻሕፍት ለንደን ቤተ መዘክር ገቡ። ከመቅደላ መምጣታቸው ዛሬም ተጽፎ አለ፤ ክርክራችንም የቆመው በዚያ ላይ ነው። የወሰዱብን ሰዎች ከየት እንደወሰዱ ጽፈዋል። የራሳችን ማዳበሪያ ላይ የተጻፈው ዩሪያ የሚል ብቻ ነው።

የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ማዳበሪያው እኛ ባለንበት ይፈታ። የየዕቃውን ቦታ ስንጽፍ ቅጂውን በደብተር ስላስቀረን ከ14ቱ 11ዱን ከየቦታቸው ጋር ማገናኘት እንችላለን። የሌሎቹ ሁለት ቀበሌዎች ዕቃም ያገኟቸው ሰዎች በሕይወት ሳሉ ይጠየቁ። መጋዘኑ እንደሚያፈስ እርስዎም ስለሚያውቁ ይህ ከክረምት በፊት ቢሆን ይመረጣል።

እያንዳንዱ ዕቃ፣ ዶቃም ቢሆን፣ በሞዴል 19 ላይ የራሱ መስመር ይኑረው፤ ያገኘው ሰው፣ ቦታው፣ ጥልቀቱ፣ ቀኑ፣ አብሮት የወጣው ነገር ይጻፍ። ቁጥሩ በክር ይታሰርበት፣ ፎቶ ይነሣ፣ አንዱ ቅጠል ላስረካቢው ይሰጥ። ለዚህ የሚያስፈልገው ወረቀት፣ ክርና ስልክ ነው፤ በጀት የለም የሚለው መልስ እዚህ ላይ አይሠራም።

ማንም ባልደረባ የተገኘ ዕቃ እንዳያጥብ በጽሑፍ ይታዘዝ። ኮሪደሩ ላይ ያለው የማሰሮዋ ፎቶ እንዲነሣ አንጠይቅም፤ ሥሩ «ታጥባ የተነሣች» ተብሎ ይጻፍበት። ሸክላ ሠሪዋንም አንድ ባለሙያ መጥቶ ያነጋግራቸው፣ ያሉትን ይጻፍ።

የማፋሰሻው ግንብ ገና አልተለሰነም። ድንጋዩ ከየትኛው ረድፍ እንዳለ ምልክት አድርገንበታል። መንገዱን ለሚሠሩት ደብዳቤ ይጻፍልንና እኛው በጥንቃቄ እናወጣዋለን፤ ጉልበቱ ከኛ ነው።

በስብሰባ የተነገረው «ነጠላ አይያዝም» የሚል ውሳኔ በጽሑፍ ይሻር። በቃል የወጣ ነው ተብሎ በቃል እንዲቀር አንፈልግም፤ ቃሉ ደርሶ የማፋሰሻ ግንብ ሆኗልና።

በመጨረሻም፣ 15ኛው ዕቃ ከተገኘ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ምን እንደሆነ እዚህ አንጽፍም። አላነሣነውም፣ አልጠረግነውም፤ አፈሩን መልሰን እሾህ ከምረንበታል። የማሳው ባለቤት በዚያ በኩል ማረስ አቁሞ የዘር ጊዜ እየደረሰበት ነው። ከዚያ በፊት ሰው ይላኩልን።

ከአክብሮት ጋር

የትምህርት ቤቱ የታሪክ መምህርና የቅርስ ጥበቃ ክበቡ ጸሐፊ
ሳንቲሟን ያገኘው ገበሬ
ማሰሮዋን ያገኙት ሸክላ ሠሪ
የደብሩ መሪጌታ
የመስጊዱ ኢማም
የቀበሌው ዕድር ሰብሳቢ

ግልባጭ፦
ለቀበሌው አስተዳደር
ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር
ለ15ኛው ዕቃ ማሳ ባለቤት